በዘበኛው ጀርባ

«መጀመሪያ አሽትተው። ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ትናገራለህ።»

«አሸተትኩት እኮ።»

«አላሸተትከውም። ትንፋሽህን ይዘህ ነው ያጎነበስከው፤ አይቼሃለሁ።»

ጥርስ ሠሪው እንደገና ተንበረከከ። አልጋው ተነሥቶ የቫኑ ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ ከሥሩ የባትሪው ሣጥን ክዳኑ ተከፍቶ ይታያል። ሰማያዊ ጡብ የሚመስሉ አራት የሊቲየም ሕዋሶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሦስቱ ቀጥ ያሉ ናቸው። አራተኛው ግን ሆዱ ተነፍቶ የጎረቤቱን ጎን ገፍቷል፤ ስፌቱ ላይም በቀጭኑ እርጥበት ወጥቷል። የእርጥበቱ ሽታ የበሰበሰ ፍሬና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አንድ ላይ የተደባለቁበት ዓይነት ነው። ከጀርባው ለቆመችው ቫን ሠሪ የሬሳ ሽታ ቢሆን ይሻላት ነበር። ይሄ ግን ይጣፍጣል።

«ገባህ አሁን?»

«ገባኝ።»

«ከዚህ በላይ ነበር ትራሳችንን አድርገን ልንተኛ የነበረው።»

ጣቷ የሚያመለክተው ግን ወዳበጠው ሕዋስ አልነበረም። ከሣጥኑ ጥግ የመጽሐፍ ያህል ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ተገጥሟል። ፋብሪካው ቢኤምኤስ ይለዋል፤ በጋራዡ ውስጥ ግን ሁሉም የሚያውቁት «ዘበኛው» በሚል ስም ነው። ከባትሪው የሚወጣውም ወደ ባትሪው የሚገባውም ጉልበት በእሱ በኩል ማለፍ አለበት። ከልክ በላይ ሲወጣ፣ ወይም ባትሪው እስከ መጨረሻው ጠብታ ሊሟጠጥ ሲል፣ ዘበኛው በሩን ይዘጋል። የተቀጠረው ለዚህ ብቻ ነው። አሁን ግን እንደ አውራ ጣት የወፈረ ጥቁር ሽቦ በዘበኛው ጀርባ ዞሮ፣ ባትሪውን ከመኪናው ዕቃዎች ጋር በቀጥታ አገናኝቶታል። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል፤ ሰዉ ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ ይገባል፣ ይወጣል።

«የጋሼ እጅ ነው» አለች፤ አጎቷን ማለቷ ነው። «ፕላስተሩን ጠምዝዘው በጥርሳቸው ነው የሚቆርጡት፤ የጥርሳቸው ምልክት ይኸውልህ። እሱን አልጠየቅሁህም። አንተ ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

ጥርስ ሠሪው ጉልበቱን አራገፈ። ጉልበቱ ላይ ምንም አልነበረም።

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሽቦ ልትገዢ ከሄድሽበት ቀን ጀምሮ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ እንደ ፎከረች ትዝ አላት። ለቀለም ቀቢው፣ ለደንበኞች፣ ለእሱም፣ «ዘበኛው አንድ ቀን እንኳ አልዘጋም፤ ልኩን አውቄ ነው የመረጥኩት» ስትል ከርማለች። እሱም ፈገግ እያለ «እጅሽ ይባረክ» ይላት ነበር። ያ ምርቃት አሁን አፏ ውስጥ እንደ ቆየ ስብ ተጣበቀ።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ በቀስታ።

በልታ ከጨረሰች በኋላ ጸጉር እንዳገኘችበት ሳህን አየችው።

«አስጠላኸኝ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «መኪናውን እሠራልሃለሁ። እንዳይቃጠል አድርጌ እሠራዋለሁ፤ እሱ ሙያዬ ነው። አብሬህ መሄዴን ግን እንጃ። የጋብቻችንን የፊርማ ቀን ለጊዜው እርሳው።»

ከቫኑ ወርዳ ወደ ቧንቧው ሄደች። እጇን በሳሙና ታጠበች፤ አሸተተችው፤ ደግማ ታጠበች።

*

በጋራዡ ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። «አፍንጫ» ነው የሚሏት። የጋለ ሽቦ ጭስ ከማውጣቱ በፊት ይሸታታል። ቀለም ቀቢው ጠዋት ምን እንደ በላ ሳይነግራት ታውቃለች፤ «ከአንቺ ጋር መሥራት ከመርማሪ ጋር መኖር ነው» ይላታል። ለሙያዋ ጸጋ፣ ለኑሮዋ መርገምት ነበር። ሌላው ሰው ከቁብ የማይቆጥረው ጠረን ምሳዋን ያስጥላታል፤ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ፌርማታ ቀድማ እንድትወርድ ያደርጋታል።

ያሳደጓት የእናቷ ወንድም ናቸው። አሮጌ ቫኖች ላይ አልጋ፣ ምድጃ፣ መብራት እየገጠሙ ተንቀሳቃሽ ቤት የሚያደርጉ ሰው ናቸው፤ እናቷ ስትሞት ወደዚሁ ጋራዥ አመጧት፤ ከመሣሪያው መካከል አደገች። አጎቷ ከመኪና ሥር ተኝተው እጃቸውን ብቻ ያወጣሉ፤ ምን እንደሚፈልጉ አይናገሩም። ከእጃቸው አዘረጋግ ፒንሳ ይሁን ካቻቢቴ ለይታ የምታቀብላቸው እሷ ብቻ ናት።

ጥርስ ሠሪው ወደዚህ ግቢ የገባው ዕድሜውን ሙሉ ወተት ሲያመላልስ የኖረ ቫን እየነዳ ነው። የኋላው በር ሲከፈት ቀለም ቀቢው ሳል ይዞት ወደ ኋላ ሸሸ። እሷ ወደ አጥሩ ሄደች፤ ቁርሷን እዚያው መለሰችው። አፏን ጠርጋ ወደ ሥራ ጠረጴዛዋ ስትመለስ፣ በወረቀት ከጠቀለለችው ዳቦ አጠገብ አንድ ሙሉ የላይ ድድ ከነጥርሱ ቁጭ ብሎ ፈገግ ይልባታል።

«ይሄ የማነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ባለ ቫኑ እየሮጠ። «የአንዲት እናት ነው። ኪሴ ውስጥ እንዳይሰበርብኝ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ከዳቦዬ ጋር?»

«ንጹሕ ነው። ገና ማንም አልነከሰበትም።»

ልትቆጣ ነበር፤ ሳቋ ቀደማት። በሳቋም ተናደደች።

ጥርስ ሠሪው ዐሳቡን የነገራቸው በዚያው ቀን ነው። ከከተማ ርቀው የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጥርስ ለማሠራት መምጣት ስለማይችሉ፣ ያገኙትን ሁሉ አላሽቀው እየዋጡ ይኖራሉ። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይከልላሉ፤ በኋላም መሳቁን ይተዉታል። እሱ ሥራ ቤቱን ጭኖ ወደ እነሱ ሊሄድ ነው። የሚያስፈልገው አልጋ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ ጥርስ የሚወለውል ሞተርና አየር የሚያምቅ ኮምፕረሰር የሚችል ባትሪ ነው። አጎቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዶክተር» አሉት። ዶክተር እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ ነገራቸው፤ ከዚያ በኋላ ተወው።

የወተቱን ሽታ ለማስለቀቅ ወለሉን መንቀል ነበረባቸው። ከወለሉ ሥር ዓመታት ያጠራቀሙት ቢጫ ዝቃጭ አይብ መስሎ ረግቷል፤ ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ሌላ ወንድ ቢሆን «አንቺ ሂጂ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ይል ነበር። ጥርስ ሠሪው ግን መቧጠጫ አቀበላትና አጠገቧ ተንበረከከ። አፍንጫቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈው ከጠዋት እስከ ከሰዓት ፋቁ። አንዴ እየሮጠች ወጥታ፣ አስታውካ ተመለሰች። አላጽናናትም፤ መቧጠጫዋን ከወደቀበት አንሥቶ ሰጣት ብቻ።

«አንተ፣ ባልዲውን!» አለች በኋላ፣ ውሃው ወደ ሽቦዎቹ ሲፈስ።

ሁለቱም ቆሙ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚባባሉት። ጥርስ ሠሪው ባልዲውን ሲያነሣ ጆሮው ቀልቶ ነበር። በዚያ ክርፋት መካከል፣ ጥጥ ከተወተፈው አፍንጫው በላይ ዓይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና አድርጋ አየችው። ከዚያ በኋላ ያለው እንደሚሆነው ሆነ። እሱ ምሳ ሰዓት ላይ መምጣት ጀመረ፤ እሷም ለሁለት ሰው የሚሆን ዳቦ ማምጣት። ዝናቡ ሲያባራ ፈርመው አብረው ሊሄዱ ተስማሙ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ያልደፈረችው፤ ኮምፕረሰሩ። ከተዘጋ የጥርስ ክሊኒክ የተገዛ ነው። ጋኑ ውስጥ ዝገት፣ ዘይትና ለረጅም ጊዜ የቆመ ውሃ አንድ ላይ ገምቷል። ጥርስ ሠሪው ማፍሰሻውን ሊሞክር ሲነካው ጥቁር ነገር ተፍቶ ጫማዋን መታው። ጫማውን ጣለችው። ከዚያ ወዲያ ወደ ኮምፕረሰሩ አልቀረበችም። ዘበኛ የሚመረጥበት ቀን ሲደርስም፣ ከበሩ ላይ ቆማ «የጉልበቱ ልክ የተጻፈበትን የብረት ሳህን አንብብልኝ» አለችው። አነበበላት። ማቀዝቀዣውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ መብራቱን፣ የመወልወያውን ሞተር ሁሉ ራሷ አስነሥታ ለክታ ነበር። ኮምፕረሰሩን ብቻ በወሬ ደመረችው። ድምሩን በጠመኔ የቫኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፈች፤ መጠባበቂያ ጨመረችበት፤ መቶ ሃምሳ አምፔር የሚሸከም ዘበኛ ይበቃል ብላ ወሰነች።

*

አጎቷ እንደ ልማዳቸው ከአንድ ቫን ሥር ነበሩ። እጃቸው ወጣ፤ መዳፉ ወደ ላይ፣ ጣቶቹ ጠበብ ብለው። ፒንሳ ማለት ነው። እሷ ግን ከዘበኛው ጀርባ የፈታችውን ጥቁር ሽቦ አስያዘቻቸው።

እጁ ሽቦውን ዳሰሰ። ቆመ። ከዚያ አጎቷ በጀርባቸው እየተንሸራተቱ ወጡ።

«ደረስሽበት» አሉ።

የሆነውን አልደበቋትም። እሷ ሽቦ ልትገዛ በሄደችበት ቀን ጥርስ ሠሪው ኮምፕረሰሩን አስነሣ፤ ዘበኛው ወዲያው ዘጋ። ማቀዝቀዣውም መብራቱም አብሮ ጠፋ። ከፈቱት፤ ደግሞ ዘጋ። ጥርስ ሠሪው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ልኩን ያወጣችው እሷ ናት፣ መጥታ ይህን ካየች ታፍራለች፣ እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉ ብሎ ለመናቸው። እሳቸውም አደረጉ።

«እኔም ለአንቺ ብዬ፣ እሱም ለአንቺ ብሎ» አሉ። «በዚህ የሚያኮርፍ ሰው አላየሁም።»

«እና ልኩን የሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ሰው ይሳሳታል፤ ሽቦ ደግሞ ያርማል።»

«ይሄን ለሌላም ሰው አድርገውታል?»

አጎቷ እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። ጨርቁ ከእጃቸው ይልቅ የቆሸሸ ነበር።

«ልጄ፣ ሰው የሚጮህብኝ መብራት ሲጠፋበት ነው። ዘበኛው ስለዘጋ ቤቴ ሳይቃጠል ቀረ ብሎ ሊያመሰግነኝ የመጣ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«ለስንት ሰው፣ ጋሼ?»

«ለሁለት። አንደኛው በቫኑ መጽሐፍ የሚያዞረው ባለ መጻሕፍቱ ነው፤ ሌላኛዋ ያቺ ከነልጆቿ የምትዞረው። ምንም አልሆኑም።»

«ይጥሯቸው።»

«ከነገሩ ጾም እደሩ አሉ አበው።»

የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ዳቦ አወጡና ለሁለት ገመሱት። እኩሌታውን ዘረጉላት። ነጩ ላይ የአውራ ጣታቸው ጥቁር አሻራ ከነመስመሩ ታትሟል። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነበር የምትበላው። በዓለም ላይ ካለው እድፍ ሁሉ አፍንጫዋ ያልጠላው ይህን ብቻ ነበር፤ የግራሶና የዳቦ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣ እንዲያውም ይርባት ነበር። ዛሬ ግን እጇን አልዘረጋችም።

«አልራበኝም» አለች።

አጎቷ ዳቦውን ለጥቂት ጊዜ እንደ ዘረጉ ቆዩ። ከዚያ ሁለቱንም ገሚስ ራሳቸው በሉት።

እሷ ከጋራዡ ጀርባ ሄዳ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው አስጠልቷታል። አጎቷ አስጠልተዋታል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነበር፤ ሽታ ሸሽታ፣ የሰው ነፍስ የሚያድርበትን ልክ ከበር ላይ ቆማ ያወጣችው ራሷ ናት። ያንን ምንም ያህል ብትታጠብ የሚለቅ አልመሰላትም።

*

በማግስቱ ኮምፕረሰሩን እየጎተተች ወደ ግቢው መሐል አወጣችው። ጥጥ አልወተፈችም። ከሥሩ ተንበርክካ ማፍሰሻውን ከፈተች። የወጣው ውሃ ወፍራም ነበር፤ ቡናማ ልጋግ እየተሳበ ባልዲው ውስጥ ወደቀ፤ ሽታው የሞተ አይጥና የተቃጠለ ዘይት ሆኖ ፊቷን መታት። ክንዷ ላይ ተረጨ። ቀለም ቀቢው ብሩሹን ጥሎ ሸሸ፤ «አፍንጫ፣ ዛሬስ ገደልሽን» አለ ከሩቅ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እስኪጠራ ድረስ ግን አልተነሣችም።

ከዚያ መለኪያውን ሽቦው ላይ ቆንጥጣ ኮምፕረሰሩን አስነሣችው። ሲሠራ የሚበላው ሳህኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ነው። ሲነሣ ግን ቁጥሩ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ከሦስት መቶ አምፔር በላይ ዘልሎ ተመለሰ። ደጋግማ አስነሣችው፤ ደጋግሞ ዘለለ። ሳህኑ አልዋሸም ነበር። ማሽኑ ሲሄድ የሚፈልገውን ጉልበት ጽፏል፤ ከተኛበት ሲነሣ የሚፈልገውን ግን አልጻፈም።

በበሩ ላይ ያለውን የጠመኔ ድምር በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችና እንደገና ጀመረች። አራቱም ሕዋሶች ይለወጡ፤ አዲስና አሮጌ አይጋባም። ሽቦው ይወፍር። ዘበኛው ሁለት መቶ ሃምሳ የሚሸከም ይሁን። ጽፋ ስትጨርስ ሁሉንም ገዝታ መግጠም ጀመረች።

ጥርስ ሠሪው በነዚያ ቀናት ጠዋት ጠዋት ይመጣ ነበር። ምን ላቀብል ይላል፤ ምንም ትለዋለች። ዳቦ በእንቁላል ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ቀለም ቀቢው ይበላዋል። ቀለም ቀቢው ይህ ጠብ እንዳያልቅ ስዕለት ሳልገባ አልቀርም አለ። ከዚያ ጥርስ ሠሪው መምጣቱን ተወ። ቀርቷል ብላ ዐሰበች፤ መቅረቱም ደረቷን ወጋት፤ የወጋት መሆኑም አናደዳት።

ሲመለስ ዓይኑ ስለ ባትሪ በማንበብ ቀልቶ፣ ሸሚዙ በአንድ በኩል ወጥቶ ነበር። ሰላም ሳይል በቀጥታ ወደ ቫኑ በር ሄደ፤ ጠመኔው ፊት ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየ።

«ተሳስተሻል» አለ።

ቀለም ቀቢው ብሩሹን ባልዲው አፍ ላይ አስቀመጠ።

«ምን አልክ?»

«ተሳስተሻል ነው ያልኩሽ። ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ከሦስት መቶ በላይ ይዘላል ብለሽ እዚህ ጽፈሻል። የመረጥሽው ዘበኛ የሚሸከመው ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። ያንሳል። እንደ በፊቱ ይዘጋል።»

ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ጣቱን ግን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

እፍረቱ ከአንገቷ ጀምሮ ሲወጣ ተሰማት። እንደ ፈራው ነበር፤ ያሳፍራል፣ ያቃጥላል። ወደ በሩ ሄዳ ከላይ እስከ ታች ደምራ አየች። ደግማ ደመረች። ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጠች።

«የተሳሳትከው አንተ ነህ» አለች። «ሁለት መቶ ሃምሳው ዘበኛው ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ነው። ለጥቂት ሰከንድ እጥፉን ይታገሣል። ኮምፕረሰሩ ተነሥቶ የሚያልቀው ዓይንህን ሳትከድን ነው።»

የጥርስ ሠሪው ጆሮ በባልዲው ቀን እንደ ቀላ ቀላ።

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ነህ።»

«ግን ተሳስተሽ ቢሆን ኖሮ...»

«ነግረኸኝ ነበር» አለች።

ቀለም ቀቢው ከወዲያ «ዳቦዬን አጣሁ» ሲል ተሰማ። ሁለቱም አልሳቁለትም። ቫኑ ውስጥ ገብተው በአዲሱ ሣጥን ላይ በተነሣው አልጋ ሥር ተቀመጡ። ልብሱ ጀሶና የጥርስ ማጣበቂያ ይሸታል፤ ደኅና ሽታ አይደለም፤ ወዲያ አልተሳበችም።

«ኮምፕረሰሩን ከሩቅ ነው የደመርኩት» አለች። «ቀፎኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ያን ቀን ነው የገባኝ፤ መጀመሪያ ሲዘጋ። እሱንም አልነገርኩሽም። ከእሱ በኋላ ማታ ማታ የበላሁት አይስማማኝም ነበር። ራሴ አስጠላኝ።»

«አስጠልተህ ነበር» አለች እንደ ምስክር።

ኮምፕረሰሩን አስነሡት። ጮኸ፣ ተነሣ፣ አየሩን ማመቅ ጀመረ። የማቀዝቀዣው መብራት አልተርገበገበም። ለእሷ ግን ይህ አልበቃትም። የኋላውን በር ዘጋች፤ ያለውን ዕቃ ሁሉ አበራች፤ ባትሪው እስኪሟጠጥ እንዲጠጡት ተወቻቸው። ወሬ ሳያበዙ ጠበቁ። ከሰዓት በኋላ፣ ውጭ ፀሐይ እያለ፣ ቫኑ ውስጥ ጠቅ የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማ፤ ሁሉም ነገር ጠፋ።

«ዘጋ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ለብዙ ቀን ያልነበረ ነገር ነበር።

መስኮት በሌለው ጨለማ ውስጥ እጁ እጇን አገኘ። ዝገቱ ገና ከጥፍሯ ሥር አልወጣም ነበር። ከአዲሱ ወለል ሥር፣ ከጥግ ከጥጉ፣ ያ የኮመጠጠ ወተት ቀስ ብሎ ይመጣል።

«ሽታው አልለቀቀም» አለ።

«አይለቅም።»

«ትለምጂዋለሽ?»

ዐሰበችበት። «አልለምደውም» አለች። «ግን ምን እንደሆነ አውቃለሁ።»

*

ፊርማው የተፈረመው ወረቀትና አሮጌ ምንጣፍ በሚሸት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። አጎቷ ምስክር ሆነው ቀረቡ። ንጹሕ ኮት ለብሰዋል፤ እጃቸውን በአሸዋና በሳሙና ፈትገውታል፤ የአውራ ጣታቸው ጥፍር ዙሪያ ግን ጥቁሩ እንዳለ ነው። ሲፈርሙ ወረቀቱ ላይ አሻራቸው ቀረ። ጸሐፊዋ ፊቷን አጨፈገገች። ሙሽራዋ አየች፤ የአጎቷን ኮት ጉንፍ ሳብ አድርጋ አስተካከለችላቸው።

ስለ ሁለቱ ቫኖች ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃቸው ነበር። አጎቷ ፈቀቅ አላሉም። ባለ መጻሕፍቱ የሚቆምበትን ከተማና ባለ ልጆቿ የምትዞርበትን መንገድ ከቀለም ቀቢው ጠየቀች። ከጥርስ ሠሪው መቀመጫ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት አዲስ ዘበኞች ተቀመጡ። ጥርስ ሠሪው የመጀመሪያ ጉዟቸውን በዚያ በኩል አዞረው፤ ሽማግሌዎቹ ጥርስ አጥተው ዓመታት ጠብቀዋል፤ ጥቂት ቀን ይታገሣሉ አለ። ከዚያ ቆም ብሎ «ልክ ነኝ?» ብሎ ጠየቃት። ልክ ነህ አለችው።

በሚሄዱበት ጠዋት ጋራዡ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ሬዲዮኑ ስለ አየር ጠባይ ያወራል። ቀለም ቀቢው የአንድ መኪና በር ላይ ነጭ እየቀባ ከደንበኛ ጋር ስለ ቀለም መድረቂያ ይከራከራል። አጎቷ በማለዳ ተነሥተው አዲስ ከገባው ቫን ሥር ተኝተዋል፤ ከእግራቸው ጫማ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

ሽርጧን ከሥራ ጠረጴዛው ጎን ከሚስማሩ ላይ ሰቀለች። ጥርስ ሠሪው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል።

እጃቸው ከቫኑ ሥር ወጣ። መዳፉ ወደ ጎን፣ ጣቶቹ ዘርዘር ብለው። ካቻቢቴ ነው፤ አጭሩ። ከጠረጴዛው አነሣችና አቀበለቻቸው። እጁ ያዘው፤ ለአፍታ ጣቶቿንም አብሮ ያዘ፤ ከዚያ ወደ ሥር ተመለሰ።

ወደ ወተቱ ቫን ወጥታ በሩን ዘጋች። ቫኑ ወደ ኋላ ሄደ፣ ዞረ፣ በተከፈተው መዝጊያ በኩል ቀስ ብሎ ወጣ። ቀለም ቀቢው ለደንበኛው ሁለተኛውን ቀለም እያሳየው ነበር። ሬዲዮኑ ከሰዓት በኋላ ደመና እንደሚኖር ተናገረ።

የአጎቷ እጅ ከቫኑ ሥር እንደገና ወጣ። መዳፉ ወደ ላይ፣ ጣቶቹ ጠበብ ብለው፣ እንደተዘረጋ ቆየ።